የተናገረው የግድግዳ ጋዜጣ

ወርቄ ፈይሳ ግትር ናት፤ ይህን ናዝሬት በሙሉ ያውቃል። በዚያ በአብዮቱ ዘመን የቀበሌውን የግድግዳ ጋዜጣ ስታዘጋጅ፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ የዘወትር ደንበኛዋ የጎረቤት ፍየል ነበረች፤ የዱቄቱ ሙጫ ጣፍጧት ትልሰዋለች። ሊቀመንበሩ ጓድ አብተው ታዲያ ቁርጡን ነገሯት።

«እሑድ አዳራሹን በሰው ካልሞላሽ ጋዜጣው ይዘጋል!»

እሷ እቴ! ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት የስላይድ ማሳያ ተዋሰች፤ ካሜራና ቴፕ ተሸክማ ቆቃ ወረደች። ዓሣ አጥማጁን አባቷን አቶ ፈይሳን ከነጀልባቸው ፎቶ አነሳች፤ ስለ ሥራቸው ሲያወሩም ቀዳቻቸው። «ማንበብ ያልቻለ ይየው፣ ይስማው!» አለች።

እሑድ ከሰዓት የአዳራሹ መስኮት በጋቢ ተሸፈነ። ሰዉ «ጋዜጣ ሲናገር እንስማ» እያለ ጎረፈ። አቶ ፈይሳም ኮታቸውን ለብሰው መጥተው ከኋላ ተቀመጡ። ጀልባዋ ግድግዳው ላይ ብቅ ስትል ወርቄ ቴፑን ከፈተች።

ጉድ የመጣው ያኔ ነው! አባቷ ሳይመርቁ ወሬ አይጀምሩም፤ እሷ ደግሞ ምርቃቱን መቁረጥ ረስታለች።

«ያ ዋቃ፣ ነጋ ኑፍ ኬኒ!» አለ የአባቷ ድምፅ፣ አምላክን ሰላም ስጠን እያለ። በቀበሌ አዳራሽ፣ መፈክር እንጂ የአምላክ ስም በማይነሳበት፣ በሊቀመንበሩ ፊት! ወርቄ ክው አለች። በጨለማው የቴፑን ማጥፊያ ፈለገች።

«አሜን!» አለ አዳራሹ።

ሰው ሁሉ ብድግ ብሎ፣ መዳፉን ዘርግቶ፣ ለቴፕ ይመልሳል! ኦሮምኛ የማይሰማውም ከጎረቤቱ እኩል አሜን ይላል፤ ምርቃት ሲወርድ ማን ዝም ይላል? አቶ ፈይሳ ራሳቸው ለገዛ ምርቃታቸው አሜን አሉ እኮ!

ጓድ አብተው ተነሱ። ወርቄ «በቃ፣ አለቀልኝ» አለች በሆዷ። እሳቸው ግን ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አሜን» አሉና ተመልሰው ተቀመጡ።

መብራቱ ሲበራ ማንም ንቅንቅ አላለም።

«ድገሚው! ድገሚው!»

ጓድ አብተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ለሚቀጥለው እሑድ መቂ ሂጂና የሽንኩርት ገበሬዎቹን ቅጂ» አሏት። ወርቄ ደስታው እንባ እንባ አላት።

ሰዉ አቶ ፈይሳን ከቧል። «ጋሼ፣ ያ ድምፅ የእርስዎ ነው አይደል?» ይሏቸዋል። አቶ ፈይሳ ግን ክንዳቸውን ዘርግተው ወደ ወርቄ አመለከቱ።

«ጋዜጣው የሷ ነው» አሉ ጮክ ብለው። «እሷ ደግሞ የኔ ልጅ ናት!»