አምስተኛው ገጽ

«ተስተካክሏል» የሚለው ጽሑፍ ለሦስተኛ ጊዜ ስክሪኑ ላይ ብቅ ሲል ልብስ ሰፊዋ መቀሷን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

«ማን አስተካክል አለህ? መልስ ነው እኮ ያልኩህ!»

ላፕቶፑ የታናሽ ወንድሟ ነው። ከሞተ ሦስት ወር ቢሆነውም የቻርጀሩ ገመድ ላይ የጠቀለለው ፕላስተር ዛሬም እጅ ላይ ይጣበቃል። በሕይወት እያለ ቅዳሜ ከሰዓት በሩን ይዘጋና ከአራት ጓደኞቹ ጋር በኢንተርኔት የተረት ጨዋታ ይጫወት ነበር። እነሱ በየቤታቸው ሆነው ስክሪኑ ላይ አንድ ገበታ ይከባሉ፤ እሱ ይተርካል፣ እነሱ ዕጣ እየጣሉ መንገዳቸውን ይመርጣሉ። የጨዋታው ሰዎች፣ መንደሮችና ምስጢሮች በሙሉ አንድ መዝገብ ውስጥ ገጽ በገጽ ተጽፈዋል፤ ሁለት መቶ ምናምን ገጽ። የመጨረሻውን ምዕራፍ ጽፎ ጨርሶ ነበር፤ ሳያጫውታቸው ሞተ።

ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ሊጨርሱት ተቀጣጥረዋል። ሎጋው የሚሉት ጓደኛው በእሱ ፋንታ ያነባል። የእሷ ድርሻ መዝገቡን አሰናድቶ ማስረከብ ብቻ ነበር። ሎጋው ለዚሁ ብሎ ኤአይ ረዳት ጭኖላታል፤ በጽሑፍ ሲያዙት ገጾቹን ራሱ ከፍቶ ያርማል። ትናንት አዘዘችው፦ «ድግግሞሹን አጥፋ። እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር አይኑር።» በአምስት ደቂቃ ጨረሰ። እሷም እፎይ ብላ ተኛች።

ጠዋት ሎጋው ደወለ።

«እትዬ፣ የጨዋታችንን ጀልባ ቀዛፊ ምን አደረግሻት?»

«ምን ሆነች?»

«የእኔዋ አባቷን የቀበረች ነበረች። አባዬ የሞተ ሰሞን ነው የጻፈልኝ። አሁን ስከፍታት ስለ ፈተና ትቀባጥራለች።»

«የምን ፈተና?»

«የድንቡሼ ይሆናላ! ሦስት ጊዜ የወደቀ ከእኛ መሀል ማን አለ?» ሊስቅ ሞከረና ተወው። «ለካ ለእያንዳንዳችን ለየብቻ ነው የጻፋት። አንዱ የሌላውን ገጽ አያይም።»

«ታዲያ ትናንት አትነግረኝም?»

«በምን አውቄ? እኔ የማየው የራሴን ብቻ ነው!»

እሷ ድግግሞሽ ያለችው፣ ወንድሟ ለእያንዳንዱ ጓደኛው ቆጥቦ ያስቀመጠው ቃል ነበር። ረዳቱ አራቱን አንድ ላይ ደፍቆ አንዲት የተምታታባት ሴት ሠርቶባቸዋል።

ከዚያ ወዲህ ስትታገል አረፈደች። መልስ ስትለው ይመልሳል፤ ወዲያው ደግሞ «የሚጋጩ ገጾች አግኝቼ አዋሕጃለሁ» ይላል። እሷ ስትቆጣ እሱ ይቅርታ ይጠይቃል። ይቅርታ ጠይቆ እንደገና ያንኑ ይሠራል። ሰባት ሰዓት ተኩል ሆነ። ባትሪው አሥራ አራት በመቶ ላይ ነው፤ የክፍሉን ብቸኛ ሶኬት ደግሞ የስፌት መኪናው ይዞታል።

«የእኔ እመቤት፣ ጋወኔስ?» ጎረቤቷ ነርስ በሩ ላይ ቆማለች። «ነገ ጠዋት ተረኛ ነኝ።»

«ዚፑ ብቻ ነው የቀረው። ቁጭ በይ።»

«ከማን ጋር ነው የምትጣይው?»

«ከዚህ ደረቅ ጋር! እሺ ይላል፣ እሺ አይልም።»

«ባሌን ነው የምትገልጪው» አለች ነርሷ ወንበር እየሳበች።

ልብስ ሰፊዋ ሳትወድ ፈገግ አለችና ከረዳቱ ጋር የተጻጻፈችውን ከላይ ጀምራ ማንበብ ያዘች። ትናንት የጻፈችው እዚያው ነበር፦ የሚጋጭ ነገር አይኑር። አልሻረችውም። ለካ ረዳቱ ቀኑን ሙሉ የታዘዘው እሷኑ ነው።

«የትናንቱን ትእዛዝ ሰርዣለሁ» ብላ ጻፈች። «ቀዛፊዋን እሱ እንደጻፋት መልሳት። ከዚያ አንዲት ፊደል እንዳትነካ።»

«አምስቱም ገጾች ተመልሰዋል» አለ ረዳቱ።

አምስት? ተጫዋቾቹ አራት ናቸው።

«አምስተኛው የማን ነው?»

«ተጫዋች አልተመደበለትም። ትርፍ መስሎኝ ሰርዤው ነበር።»

ከፈተችው። ሦስት መስመር ነው።

«‹ይህን ልጨርስና› የምትል መንገደኛ ከመጣች፦ ቀዛፊዋ ምንም አትነግራትም፣ አትወቅሳትም። ከፊት ባለው መቀመጫ ላይ ማንንም አላስቀመጠችም። ጀልባዋ ትጠብቃለች።»

ቅዳሜ ቅዳሜ በሩን ገርበብ አድርጎ «ነይ እንጂ፣ አንድ ቀን ብቻ» ይላት ነበር። እሷም ከመኪናው ቀና ሳትል «ይህን ልጨርስና» ትለዋለች። አንድ ጊዜ እንኳን ጨርሳ አታውቅም።

ስልኩ ጮኸ።

«እትዬ ተባረኪ፣ ገጼ ተመለሰ!» አለ ሎጋው። ከጀርባው፣ ከኮምፒውተሩ የሌሎቹ ድምፅ ይሰማል። «ሁላችንም ገብተናል። በቃ አንቺ ወደ ሥራሽ፣ አናስቸግርሽም።»

«ይህን ልጨር…» አለችና አፏን ያዘች።

ጋወኑ መርፌው ሥር ተይዟል፤ ዚፑ ግማሽ ድረስ ተሰፍቷል። ነርሷ እጇን አጣጥፋ ታያታለች።

«ጋወንሽን ማታ ራሴ አመጣልሻለሁ» አለቻት።

ጎንበስ ብላ የስፌት መኪናውን ገመድ ነቀለች። በቦታው ፕላስተር የተጠቀለለበትን ቻርጀር ሰካች።

«ሎጋው፣ ሳትጀምሩ ቆዩኝ» አለች። «በየት በኩል ነው የሚገባው?»