ከዱካዎቹ መሃል አንዱ

አይሊ እጅ የገባ ምስል ሁሉ መጨረሻው የኮምፒውተር መሣያ ብሩሽ መሆን ነው። የዛገ ቆርቆሮም ይሁን የዛፍ ቅርፊት፣ በረዶ ላይ ያለፈ የዳክዬ እግርም ይሁን፣ ፎቶውን ኮምፒውተሯ ላይ ትከፍትና ቀለሙን አጥፍታ ጥቁርና ነጭ ታደርገዋለች። ነጩ ይጠፋል፣ ጥቁሩ ብሩሽ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ ወዲያ ጠቅ ባደረጉት ቁጥር ያው ቅርጽ ይታተማል። ዱሉዝ ከተማ ውስጥ ሰዓሊ ነኝ የሚል ሁሉ በእሷ ብሩሽ ነው የሚሥለው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም።

የታላቅ እህቷ የኪርስቲ ልጅ ሞቶ ሲወለድም ሌላ የምታውቀው ማጽናኛ አልነበራትም። ሆስፒታሉ የሕፃኑን እግር ቀለም ቀብቶ ወረቀት ላይ አትሞ ሰጥቷቸው ነበር። አይሊ ያንን አሻራ ብሩሽ አደረገችውና መታሰቢያ ካርድ ሠራችበት። ኪርስቲ ካርዱን ደረቷ ላይ ለጥፋ አለቀሰች።

"ከኤይኖ የቀረኝ ይኸው ነው" አለቻት። "ለማንም እንዳታሳዪብኝ።"

እሺ ብላ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ይቺ ልጅ ብሩሾቿን የምታስቀምጠው እንደ ቤቷ ዝርክርክ አድርጋ ነው። ባለፈው ወር የድብ፣ የአጋዘንና የዳክዬ ዱካዎቿን "ማንም በነፃ ይውሰድ" ብላ ኢንተርኔት ላይ ስትለቅ፣ የኤይኖም እግር እዚያው ማህደር ውስጥ አብሮ ተቀምጦ ነበር። ፕሮግራሙ ደግሞ ማህደሩን እንዳለ ጠቅልሎ ነው የሚያወጣው፤ ይህን እሷ አጥታው አይደለም። ጥፍር የምታህለዋን ምስል ከሌሎቹ መሃል ሳታያት አለፈች።

ቅዳሜ ጠዋት እህትማማቾቹ ሱፐርማርኬት ሄዱ። የመግቢያው መስታወት ላይ ከዳር እስከ ዳር የዳይፐር ማስታወቂያ ተለጥፏል። ትንንሽ የሕፃን እግሮች ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ እያሉ ወደ በሩ ይሄዳሉ። አይሊ ክው ብላ ቀረች። ትንሿ ጣት ከጎኗ ያለችው ላይ ወጥታለች። የኤይኖን ብሩሽ ስትሠራ ያቺን ጣት በገዛ እጇ አጥርታታለች።

"ኪርስቲ፣ በዚያኛው በር እንግባ።"

"ምን ነካሽ? ጋሪው እዚህ አይደል እንዴ?" አለችና ኪርስቲ ቀና አለች።

ምነው እግሬን በሰበረው አለች አይሊ በልቧ።

ኪርስቲ አልጮኸችም። ተጠግታ መስታወቱን ዳሰሰችው። ፊቷ አመድ መስሏል።

"አይሊ፣ ልጄ እዚህ ምን ይሠራል?"

"ሳላውቅ ነው። ከዱካዎቹ ጋር አብሮ ወጣብኝ። በነፃ የለቀቅኋቸው..."

"ልጄን ከድብና ከዳክዬ ጋር አደልሽው።"

"አሁኑኑ ደውዬ አስነሳዋለሁ። ከኢንተርኔቱም አጠፋዋለሁ።"

"ስንት ሰው ወስዶታል?"

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ማን ወስዶ የት እንዳተመው አይሊ በምን ታውቃለች።

ኪርስቲ ዓይኗን ከመስታወቱ አልነቀለችም። "ሆስፒታል ያተሙልኝ ግራውን ብቻ ነው። ቀኙን ከየት አመጡት?"

"ያንኑ ግራውን ገልብጠውት ነው።"

ኪርስቲ ከመጀመሪያው እርምጃ እስከ መጨረሻው፣ በሩ ድረስ፣ በዓይኗ ተከተለችው። ልጇን አንዲት እርምጃ ሳይራመድ ነው የቀበረችው። አይሊ ልትይዛት እጇን ብትዘረጋ ገፋችው።

"አታስነሺው" አለች። "ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ ይሂድ። አንቺ ግን ከእንግዲህ ደጄን እንዳትረግጪ።"