ሃኑስ የዋሸበት ገጽ

ሃኑስ የክፍሉ በር ላይ ቆሞ ኮፍያውን እንደ እርጥብ ጨርቅ ይጠመዝዘዋል። ከዚህ ክፍል ከወጣ አርባ ምናምን ዓመቱ ነው። ያኔ መምህሩ፣ የአሁኗ መምህርት የቢዮርግ አባት፣ "አንተ እጅ እንጂ ጭንቅላት አልተሰጠህም፤ ሂድና ቅዘፍ!" ብሎ በልጆች ፊት ሸኝቶታል። ሄዶ ቀዘፈ። ኋላም የመንደሩ የውድድር ጀልባ መሪ ያዥ ሆነ። ቀዛፊዎቹን ፊቱ ደርድሮ "ሳብ! ሳብ!" ሲል ድምፁ ከባሕሩ ማዶ ይሰማል። ያቺን ቃል ግን አልረሳትም። የተማረ ሰው ተናግሮ ይረሳል፤ የሚያድረው በተነገረበት ላይ ነው።

ብርዱ ሲገባ ቢዮርግ ራሷ ደጁ ድረስ መጥታ ነበር።

"የልጅ ልጅዎ ሱንቮር ፊደሉን ለይታለች፤ ዓረፍተ ነገር ላይ ግን ትሰጥማለች። እንደ እሷ ያሉ ሌሎችም አሉኝ። በጆሯቸው እየሰሙ፣ በጣታቸው መጽሐፉን እየተከተሉ ቢለማመዱ ይሻላቸዋል" አለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋም፣ "እስከ በጋው ዕረፍት አንድ ገጽ ካላነበበች ክፍሉን ትደግማለች።"

"ታዲያ አሰሚያት!"

"ምኑን ላሰማት? በዴንማርክ ቋንቋ የተቀዳው ሞልቷል። በእኛ በፋሮ ደሴቶች ቋንቋ ግን እንደ ዛፍ ነው፤ ደሴቱን ሁሉ ቢያስሱ አያገኙም። የእርስዎን ድምፅ ደግሞ ልጆቹ ከውድድሩ ያውቁታል፤ አንድ መጽሐፍ አንብበው በስልክዎ ይቅዱልን።"

ለቢዮርግ ሲል ቢሆን ጣቱን ባላነሣ ነበር፤ ለሱንቮር ሲል እሺ አለ። እሱም ክፍል ደግሞ ከታናናሾች መሃል መቀመጥን ያውቀዋል።

መጽሐፉ ስለ ጀልባ ውድድር ነው። ሃኑስ የበግ ሥጋ ከሚደርቅበት የሳንቃ ቤት ገብቶ፣ ስልኩን ከተሰቀለው ሥጋ ሥር አስቀምጦ ያነብ ጀመር። ቀስ ብሎ ነው የሚያነበው፤ ቢፈልግም ከዚያ አይፈጥንም። ነፋሱም በየሽንቁሩ እያፏጨ አብሮት ተቀዳ። ምዕራፎቹን እንዲህ ሲወጣ ሲወርድ ከርሞ አንዱ ገጽ ላይ ሲደርስ ደሙ ፈላ። ደራሲው መሪ ያዡን ሰክሮ ጀልባ ድንጋይ ላይ የሚያወጣ ጅል አድርጎታል።

"አሁንም እኛን! ብዕር የጨበጠ ሁሉ እኛን!"

አላነበበውም። ከራሱ ፈጥሮ መሪ ያዡን በማዕበል መሃል አሳልፎ አንደኛ አስወጣውና መጽሐፉን ወረወረው። ማን ይነቃብኛል? ማንበብ የማይችሉ ልጆች ናቸው።

ዛሬ ግን ተጠራ።

"ይግቡ እንጂ" አለች ቢዮርግ።

እግሩን ከማስገባቱ ልጆቹ የጆሮ ማዳመጫቸውን ወርውረው ተነሡ። "መጣ! ውሸታሙ መጣ!"

"ሥርዓት!" አለች ቢዮርግ፤ የራሷን ከንፈር ግን ሳቅ ይታገለዋል።

ጠቃጠቆ ፊቱ ኤይዱን ጠረጴዛው ላይ ሊወጣ ምንም አልቀረው። "አባባ ሃኑስ፣ ጣታችን አንድ ቦታ፣ አንተ ሌላ ቦታ! ማዳመጫው የተበላሸ መስሎን ደጋግመን ሰማነው። ኋላ ሱንቮር ድምፅህን ዘጋችውና፣ 'ይሄ ሰውዬ ይቀጥፋል፤ እኔ ራሴ አየዋለሁ' አለች!"

የሃኑስ ፊት እንደ ፍም ቀላ። "ቢዮርግ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። በእኔ የተነሣ ልጅቷን ክፍል እንዳታስደግሚያት።"

"እስኪ መጀመሪያ ይስሟት።"

ሱንቮር ቆመች። ጣቷ መስመሩ ላይ ወረደ።

"መሪ ያዡ... ጠርሙሱን... ከእግሩ ሥር... ደበቀ።"

ሃኑስ ሳያውቀው ጭኑን በመዳፉ ይመታ ጀመር፤ ሳብ፣ ሳብ። አንድ ረጅም ቃል ላይ ልጅቷ ቀጥ አለች። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ነው፤ ነከሰው። ኤይዱን ትንፋሹን ዋጠ። ጣቷ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ ተንደረደረ፣ ቃሉንም አነበበችው!

"ጀልባዋ ድንጋዩ ላይ ወጣች! መሪ ያዡም... እንደ በግ ጠቦት... አለቀሰ!"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። "አለቀሰ! አባባ ሃኑስ አለቀሰ!"

"የታባቱ! እንደ ጠቦት ይላል?" አለ ሃኑስ። ተሰድቦ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም፤ ልቡ የውድድሩ መጨረሻ መስመር ላይ ያለ ይመስል ይደልቃል።

ሱንቮር ገጹን ጨርሳ ማንም ሳያዛት ቀጣዩን ገለጠች።

"በቃሽ፣ አልፈሻል!" አለች ቢዮርግ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። "አንድ ገጽ ነበር ያልኩት።"

ልጅቷ ቀና ሳትል እጇን አወናጨፈች። "ቆይ፣ ከድንጋዩ ላይ ማን እንደሚያወጣቸው ልይ።"

ሃኑስም አያውቀውም፤ መጽሐፉን የወረወረው እዚያ ላይ ነው። የልጆቹን ትንሽ ወንበር ስቦ ከጎኗ ተቀመጠና አንገቱን አሰገገ።

"ጮክ በይ እንጂ፣ የኔ ልጅ! ማን አወጣቸው?"