የሰርዲን ቆርቆሮው ሰባት ሻማ

«እኔ የምለው ጋሽ ነጋሽ፣ ሻማ ከየት ነው የምትገዙት?»

ነሲባ ይህን የጠየቀችኝ ከሱቋ ባንኮኒ ላይ ተደግፋ ክብሪት ስትሰጠኝ ነው። ለሌላ ሰው ለወግ ያህል የተነሳች ጥያቄ ትመስለው ይሆናል። እኔ ግን «ከዚያም ከዚህም» ብዬ ክብሪቴን ይዤ ዳገቱን በጥድፊያ ወጣሁ። በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ከራስ መኮንን ድልድይ በላይ ባለችው በእኛ መንደር፣ ሰው ስለ ሻማ የሚጠይቀው ስለ ሻማ ሊያውቅ ፈልጎ አይደለም።

ተጠራጣሪ መሆኔን አልክድም። ባለቤቴ ዓለምወርቅ፣ «አንተ እኮ መልአክ ቢመጣልህም የቀበሌ መታወቂያ ትጠይቀዋለህ» ትለኛለች። ትበል። በዚያን ጊዜ የማይጠራጠር ሰው ወይ ሕፃን ነው ወይ ካድሬ ነው። እኛ ጴንጤዎች ነን፤ ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ቆይቷል። ልጄ ዕዝራ፣ የሂሳብ አስተማሪው፣ ሰው ቤት ጸሎት ሲመራ ተይዞ ስምንት ወር ታስሯል። ሲለቁት «ዳግመኛ ብናገኝህ አትወጣም» ብለውታል። እንዲህ ተብሎ የወጣ ሰው፣ ገና የእስር ቤቱ ሽታ ከልብሱ ሳይለቅ፣ «አባዬ፣ በወር አንድ ቅዳሜ እኛ ቤት እንሰብሰብ» አለኝ። እኔ እምቢ አልኩ፤ እናቱ እሺ አለች። በእኛ ቤት የሚጸናው የእሷ እሺ ነው።

ሰበቡን ያገኘችውም እሷ ናት። ያለ ምክንያት ሰው ከተሰበሰበ አብዮት ጥበቃ በር ይመታል፤ ልደት ከሆነ ግን ማን ይናገራል? ሦስት የልጅ ልጆች አሉን፤ ሶስና፣ ካሌብና ትንሿ ምሕረት። እንግዲህ በየወሩ አንዳቸው ይወለዳሉ። ዕዝራ ውሸቱ ከብዶት ሲያንገራግር እናቱ፣ «ምን ውሸት አለው? ልጆቹ ተወልደዋል አይደል? ቀኑ ትንሽ ይለያያል እንጂ» አለችው።

ዓለምወርቅን ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ልንገር። ይቺ ሴት ዕቃ አትጥልም። ቆራሌው መንደሩን በጩኸት ሲያዳርስ ቆይቶ ከእኛ በር ሲደርስ ዝም ብሎ ያልፋል፤ ከእሷ ቤት ባዶ ጣሳ እንደማይወጣ ያውቃል። የወተቱ ጣሳ ኩባያ ነው፣ የዘይቱ ቆርቆሮ የአበባ መትከያ ነው፣ የእኔ አሮጌ ሱሪ የካሌብ ሱሪ ነው፣ ከካሌብ ሲያልፍ የወለል መወልወያ ይሆናል። የልደቱን ኬክ የምትጋግረው በብስኩት ቆርቆሮ ነው፤ ከሥርም ከላይም ፍም አድርጋ። ከቀበሌው ሱቅ ተሰልፈን ካመጣነው ስኳር ጥቂት ቀንሳ አቅልጣ ለልጆቹ ከረሜላ ትሠራለች። መጠቅለያው የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ነው፤ ልጆቹ ከመንገድ ይለቅሙታል፣ እሷ በሳሙና አጥባ ታሰጣዋለች። ሲጋራ ገብቶበት በማያውቅ ቤት ከረሜላው ሁሉ የሲጋራ ካፖርት ለብሶ ይቀርባል።

ሻማውም እንደዚያው ነው። ከነሲባ ሱቅ አንድ ባዶ የሰርዲን ቆርቆሮ ለምና አመጣች፣ ገለበጠችው፣ በምስማር ሰባት ቦታ በሳችው፣ በየቀዳዳው አንድ አንድ ሻማ ተከለች። ዘፈኑ እንዳለቀ እፍ ተብሎ ይጠፋል። ጠብታው ተለቅሞ፣ በጣሳ ቀልጦ፣ ከአሮጌ ነጠላ በተመዘዘ ክር ላይ እንደገና ሻማ ይሆናል። ከመጀመሪያው ልደት ጀምሮ የበራው ያው አንዱ ሻማ ነው ማለት ይቻላል።

እኔ ሥራዬ በር መጠበቅ ነው። ከካሌብ ጋር ደፍ ላይ ተቀምጠን በጠርሙስ ቆርኪ ዳማ እንጫወታለን። እንግዳ እግር ከታየኝ፣ «አጭበረበርከኝ! ሌባ!» ብዬ ካሌብ ላይ እጮኻለሁ። ያን ጊዜ ውስጥ ያሉት ጸሎቱን ትተው ሻማውን ይለኩሱና «መልካም ልደት» ይዘፍናሉ። ስለዚህ ሌላው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሲጸልይ እኔ ዓይኔን አፍጥጬ ዳማ ስጫወት ዓመት አለፈኝ። ልጄ ከእስር ቤት ወጥቶ እንዴት እንደሚጸልይ እንኳ አልሰማሁም።

እና ነሲባ ስለ ሻማ ጠየቀችኝ።

ነሲባ የወሎ ሰው ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሱቁን ይዛ፣ ነጂባ የምትባል የልጇን ልጅ እያሳደገች ትኖራለች፤ ሱቋ ከዳገቱ ሥር ነው፣ ቤቷ ግን ከእኛ ጋር በአንድ የጭቃ ግድግዳ ይዋሰናል። ክፉ ሰው ናት አልልም። ግን ከሴቶች ማኅበር ኮሚቴ ገብታለች፤ ሱቄን እንዳይዘጉብኝ ነው ትላለች። ሁሉም የሚገባው በምክንያት ነው፤ የሚናገረውም በምክንያት ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሷን መከታተል ያዝኩ። ለሶስና «ደስታ» ከረሜላ ሰጥታ፣ «ቅዳሜ የማን ልደት ነው?» ብላታለች። ሶስናም «ተራው የምሕረት ነው» ብላ መልሳለች። ተራ! ልጅ ሲወለድ በተራ ነው እንዴ? ሌላ ቀን ደግሞ ጓድ እምሩ፣ የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ፣ ጠመንጃውን አንግቶ ከሱቋ ቆሞ ሲያወራት አየሁ። እኔን ሲያዩ ዝም አሉ።

«ዕዝራ፣ በቃ፤ የዚህ ወሩ ይቅር» አልኩት። «ይቺ ሴት ጆሮ ናት።»

«አባዬ፣ ነሲባ እኮ ጎረቤታችን ናት።»

«ጆሮ የሚያድገው የት ይመስልሃል? ከጎን አይደለም?»

ሳቀ። እናቱም ሳቀች። የሚያስቀው አልታየኝም። ስምንት ወር ሙሉ እናቱ ስንቅ እየቋጠረች እስር ቤት በር ላይ ስትሰለፍ ያየሁት እኔ ነኝ። ሁለተኛ ከወሰዱት ስንቅ የምናቀብለው ሰው ላይኖረን ይችላል። ይህን አስቤ እንቅልፍ አጣሁ፤ በልጄ መሳቅም ተናደድኩ።

ቅዳሜ ደረሰ። ምእመናኑ አንድ አንድ እያሉ ገቡ፤ አንዱ ብርቱካን ይዞ፣ አንዷ በጋዜጣ የተጠቀለለ ስጦታ ይዛ። ስጦታውም ያው ነው፤ ከልደት ልደት ሳይፈታ ይመላለሳል፣ ውስጡ ምን እንዳለ የሚያስታውስ የለም። ተዘፈነ፣ ምሕረት እፍ አለች፣ በሩ ገርበብ አለ። እኔና ካሌብ ቆርኪያችንን ደረደርን።

ብዙም አልቆየ፣ ጓድ እምሩ ከታች ሲመጣ አየሁት። ከኋላው ነሲባ፣ ሻርፗን እያስተካከለች፣ ልትደርስበት ትሮጥ ነበር። «ይኸው!» አልኩ በልቤ። «አጭበረበርከኝ! አንተ ሌባ!» አልኩ በአፌ፤ ካሌብ ምስኪኑ ያን ጊዜ እያሸነፈ እንኳ አልነበረም።

«ፋዘር፣ በዳማ ከልጅ ጋር ይጣላሉ?» አለኝ እምሩ፤ መልሴን ሳይጠብቅ ገባ። ተከትዬው ገባሁ።

ውስጥ «መልካም ልደት» እየተዘፈነ ነው። ሰባቱ ሻማ በርቷል። ዕዝራ ጥግ ላይ ቆሞ ያጨበጭባል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ዓለምወርቅ ቢላዋውን ይዛ ቀርታለች። እምሩ ወደ ኬኩ ቀረበና ምሕረትን፣

«ስንት ዓመትሽ ነው ሚጣ?» አላት።

ምሕረት በኩራት አራት ጣቷን አወጣች።

እምሩ ሻማውን በጣቱ እየጠቆመ ቆጠረ። «ሰባት» አለ። ዘፈኑ ቆመ። «ባለፈው ወር በሶስና ልደት ጎራ ብዬ ኬክ ቀምሻለሁ። ያን ጊዜም ሰባት ነበር። ሶስና ስንት ዓመቷ ነው?»

«ዘጠኝ» አለች ሶስና ራሷ፤ በእኛ ቤት ልጅ ውሸት አይማርም።

አንድ ዓመት ሙሉ ሁሉን ነገር ስንጠነቀቅ፣ የስንቱን ሰው ጫማ ከደጅ ስንደብቅ፣ ሻማውን ከዕድሜው ጋር ማስተያየት ለአንዳችንም አልታየንም። ቆርቆሮው ሰባት ቀዳዳ ስላለው ሰባት ሻማ እንተክላለን፤ አለቀ። የሂሳብ አስተማሪ እቤታችን ቁጭ ብሎ! ዕዝራን አየሁት፤ ኮቱን ከወንበር ላይ ቀስ ብሎ አነሳ። ከእምሩ ጋር ለመሄድ እየተዘጋጀ ነበር።

ያን ጊዜ ከበሩ ሳቅ ተሰማ። ነሲባ ናት።

«ወይ ጓድ እምሩ!» አለች ሰውን ገፋ አድርጋ እየገባች። «አንተ ዕድሜ ትቆጥራለህ፣ እሷ የሞላችው ቀዳዳ ነው!» ቆርቆሮውን ከነሻማው አነሳችው። «ይቺን ሰርዲን ከኔ ሱቅ ነው የወሰደቻት። ሰባት አድርጋ በሳቻት። አንድ ቀዳዳ ባዶ ከሚቀርባት የልጁ ዕድሜ ቢጨምር ትመርጣለች! ዓለምወርቅን አታውቃትም? ይቺ እኮ የተጫረ ክብሪት አጥባ የምታሰጣ ሴት ናት። እስቲ ከረሜላውን እየው፣ የማን ልብስ ነው የለበሰው?»

እምሩ አንዱን ከረሜላ አንስቶ ብርማውን ገልበጥበጥ አደረገ። የሚያጨሰው ሲጋራ ወረቀት ነው። ከንፈሩ ሳይወድ በግዱ ተላቀቀ።

«ሻማውን ካንቺ ይገዛሉ ብለሽኝ አልነበር?» አላት።

«ገዝተዋላ! አንዴ። ያው እሱ ነው እስካሁን የሚነደው!»

እምሩ ፈንድቶ ሳቀ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ዓለምወርቅም እየሳቀች እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። እኔ ብቻ አልሳቅኩም። ነገሩ ገና አሁን እየገባኝ ነበር። ለካ መጀመሪያ ስለ ሻማ የጠየቀው እሱ ነው። እሷ ስለ እኛ «ከኔ ይገዛሉ» ብላ መልሳ፣ ቃላችን አንድ እንዲሆን ነው እኔን የጠየቀችኝ። እኔ ደግሞ «ከዚያም ከዚህም» ብያት ዳገቱን ወጣሁ።

«በየወሩ ልደት ግን ምንድነው?» አለ እምሩ፤ ድምፁ ግን ለስልሷል።

«ስትወልድ ታየዋለህ። በሚመጣው ወር ደግሞ የኔ ነጂባ ናት። እኔ ኬክ መጋገር አላውቅም፣ እዚሁ ነው የሚከበርላት። አንተም ና።»

እምሩ ኬኩን በላ፣ ከረሜላ ለኪሱ ጨመረ፣ «ፋዘር፣ ዳማ ላይ ይታረቁ» ብሎኝ ሄደ። ነሲባ ቀረች። ሌላ ሰው ቢሆን እጇን ይስም ነበር። እኔ፣

«ምን ፈልገሽ ነው?» አልኳት። ዓለምወርቅ በክርኗ ጎሰመችኝ፤ ግን ቃሉ ከአፌ ወጥቷል።

ነሲባ አልተቆጣችም። «ጋሽ ነጋሽ፣ ይቺ ግድግዳ ጭቃ ናት» አለች። «መዝሙራችሁን የምሰማው ከጀመራችሁበት ቀን ነው። የእናንተ ጸሎት የእናንተ ነው፣ የእኔም የእኔ። ግን ዕዝራን የወሰዱት ጊዜ ዓለምወርቅ ስታለቅስ የሰማሁትም በዚችው ግድግዳ ነው። ስምንት ወር ሙሉ ሰማኋት። ዳግመኛ መስማት አልፈልግም።» ከዚያ ሻርፗን አስተካከለችና፣ «ደግሞ ልጆች አለቁባችሁ። ሦስት ልጅ በየወሩ ሲወለድ ሰው ይታዘባል። ነጂባን ውሰዱ» አለች።

በሚቀጥለው ወር ነጂባ ጸጉሯ ተሠርቶ፣ የዒድ ቀሚሷን ለብሳ መጣች። ሰባቱ ሻማ በራ። እኔ ያው እኔ ነኝ፤ ጎንበስ ብዬ «ስንት ዓመትሽ ነው?» አልኳት።

«ሰባት።»

ወደ ነሲባ ዞርኩ። «የእውነት?»

«ወላሂ ሰባቷ ነው፣ ጋሽ ነጋሽ። ቀኑን ግን አይጠይቁኝ።»

ነጂባ እፍ አለች። ሰው ተቀመጠ። እኔ እንደ ልማዴ ወደ ደጅ ስወጣ ነሲባ ደፉ ላይ፣ የእኔ ቦታ ላይ፣ ተቀምጣ ካሌብ ፊት ለፊት ቆርኪ ትደረድራለች።

«ይግቡ» አለችኝ ቀና ሳትል። «በሩን እኔ እይዛለሁ። መጮኹን እንደሆነ እችልበታለሁ።»

ገብቼ ከዓለምወርቅ ጎን ተቀመጥኩ። የሻማው ጢስ ገና ከቆርቆሮው ላይ ይወጣ ነበር። ዕዝራ ዝቅ ባለ ድምፅ መጸለይ ጀመረ። እስር ቤት ስላሉት ጸለየ፣ ስለ ልጆቹ ጸለየ፣ በር ላይ ስለተቀመጠችው ስሟን ጠርቶ ጸለየ። ድምፁ ከበፊቱ ጎርነን ብሏል፤ የት እንደጎረነነ አውቃለሁ። አንዴ ወደ በሩ አየሁ። ከዚያ ዓይኔን ጨፈንኩ።