የዘማርያም ጊታር

ተናኘወርቅ ሻይ ልታደርስ ከከማሉ ሱቅ ስትደርስ ጊታሩን አየችውና ትሪው ከእጇ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ከማሉ በገዳሪፍ ገበያ ዳር አልጋና ወንበር የሚሠራ፣ ኡድ የሚሉትን የዓረቦች ባለክር መሣሪያም የሚጠግን የወሎ ሰው ነው። ጊታሩን በጀርባው አስተኝቶ በጨርቅ ይወለውለዋል። ሆዱ እንደ ሌላው ጊታር ለጥ ያለ አይደለም፤ እንደ ቫዮሊን ጎብጧል። ክብ ቀዳዳም የለው፤ ግራና ቀኙ ላይ ጠመም ያሉ ሁለት ረጃጅም ቀዳዳዎች አሉት። እንዲህ ያለ ጊታር በሱዳን ምድር ስንት አለ? እሷ የምታውቀው አንድ ነው፤ እሱንም አምርራ ትጠላዋለች።

ባሏ ዘማርያም በካርቱም በሐበሻ ሠርግ ሁሉ የሚጫወተው በእንዲህ ዓይነቱ ነበር። ጦርነቱ በፈነዳ ሰሞን ከሰፈራቸው ሸሽተው አውቶቡስ ላይ ከወጡ በኋላ፣ "ጊታሬን ረሳሁት" ብሎ ወረደ። "ተወው፣ እንጨት ነው" አለችው። እመጣለሁ እንዳለ ቀረ። ሁለት ዓመት ሙሉ በቱነይድባና በኡም ራኩባ ካምፖች፣ በሾዋክ የስደተኞች ቢሮ ስሙን ስታስጠራ፣ የራሷንም ስም ስታስመዘግብ ከረመች። በመጨረሻ ጎረቤቶቿ "ይበቃሻል" አሏት። ጥቁር ለበሰች፤ ቄስ ጠርታ ፍትሐት አስደረገች፤ ተዝካሩን አወጣች። ለእንጨት ብሎ የሞተ ባል ሲያለቅሱለት እንኳ ያናድዳል።

"የማነው ይሄ?" አለች።

"የደንበኛዬ የአኑዋር ነው። ሾዋክ ገዝቶት መጣ። በርኩማው ወልቆ በከረጢት ነበር፤ በሙጫ አጥብቄ ለጠፍኩለት።"

በርኩማውን፣ ክሮቹን ከፍ አድርጎ የሚይዘውን ትንሽ እንጨት አየችው። ደሟ ፈላ። "ማን ለጥፍ አለህ? የዚህ በርኩማ አይለጠፍም። ክሩ ራሱ ተጭኖ ነው የሚይዘው። ድምፁ ሲዛባ እየገፉ ያቃኑታል።"

"እቴ ተናኘ፣ ኡድ ስጠግን ሠላሳ ዓመቴ ነው። በርኩማው ያልተለጠፈ ኡድ አላየሁም።"

"ኡድ አይደለማ!"

አንዱን ክር እኩሌታው ላይ ተጭና መታችው፤ ከዚያም ለቃ ደገመችው። ሁለቱ ድምፆች፣ አንዱ ቀጭን አንዱ ወፍራም ሆነው፣ መግጠም ነበረባቸው፤ አልገጠሙም። ከማሉ ጆሮው ደህና ነው፤ ሰማ፤ ፊቱ ተለዋወጠ።

"አንሳው" አለችው። "የዘማርያም ከሆነ ከሥሩ በምላጭ የተጫሩ ሁለት መስመሮች አሉ። ቦታው እንዳይጠፋበት ነው የጫራቸው።"

ከማሉ ክሮቹን አላላ። ቢላዋ በፈላ ውሃ እያሞቀ በበርኩማው ሥር ቀስ እያለ አስገባ። ሙጫው ገና አዲስ ስለነበር ለቀቀ። ሁለቱ ጭረቶች እዚያው ነበሩ።

ተናኘወርቅ አላለቀሰችም። "ከሬሳ ላይ የገፈፉትን ነው የምትወለውለው" አለች። ንዴቷ በማን ላይ እንደሆነ ለራሷም አልለየላትም።

"ቆይ እስቲ" አለ ከማሉ። "ጀርባው ተሰንጥቆ፣ ከውስጥ የጠገነው ሰው አለ። ባለሙያ ነው።"

የስልኩን መብራት በአንዱ ቀዳዳ አበራላት፤ በሌላው አጮለቀች። በስንጥቁ ላይ ቁርጥራጭ የካምፕ ድንኳን ሸራ በሙጫ ተደርድሯል። የእያንዳንዱ ቁራጭ ጠርዝ በመቀስ ክብ ተደርጓል። ዘማርያም ማዕዘን ያለው ነገር ቶሎ ይላቀቃል ባይ ነበር፤ አጎበሩንም፣ የእሷንም ጫማ እንዲሁ ነበር የሚጥፈው። ካርቱም ቤታቸው ግን ድንኳን አልነበረም። ይህን ሸራ ሰው የሚያገኘው ሸሽቶ ካምፕ ሲገባ ነው።

በዚህ መሃል አኑዋር መጣ። ሰላምታውን ሳያደርስ ያዘችው።

"ማን ሸጠልህ?"

"አንድ ቀጭን ሐበሻ ነው፣ የዛሬ ሳምንት። ወላሂ ደግ ሰው ነው። በርኩማውን እንዳታስለጥፈው ብሎኝ ነበር፤ ለከማሉ መንገሩን ረሳሁት።"

ከማሉ አንገቱን ደፋ።

"አሁን የት ነው?"

"እዚያው ሾዋክ፣ መናኸሪያው ላይ ዕቃ ይጭናል። ምነው፣ ታውቂዋለሽ?"

"ስለ ሚስቱ አላነሳም?"

አኑዋር ጥቁር ልብሷን አየና ድምፁን ቀነስ አደረገ። "ጠይቄው ነበር። ሞታለች አለኝ።"

ሞታለች። ማንን ጠይቆ? ስሟ በሾዋክ መዝገብ ላይ ተጽፎ ተቀምጧል፤ እሱ ደግሞ ከመዝገቡ ጥቂት እርምጃ ርቆ ጆንያ ይሸከማል። ለእንጨቱ ጀርባ ጊዜ አግኝቷል፤ ሸራ ፈልጎ፣ ጠርዙን አክብቦ፣ አድርቆ ጠግኖታል። ስለ እሷ ግን ቢሮ ገብቶ አንድ ቃል አልጠየቀም። በሕይወት መኖሩም ደስ ብሏት ነበር፤ ይሄ ደግሞ ይብሱን አበገናት።

"እሱንም ሞታለች ብለውት ይሆናል" አለ ከማሉ። "አንችስ ተዝካሩን አውጥተሽ የለ?"

"እኔ ፈልጌ ፈልጌ ነው ያለቀስኩት።"

አኑዋር ጊታሩን አንስቶ ዘረጋላት። "ውሰጅው እህቴ፣ ያ ኡኽቲ። የቤትሽ ነው።"

"እኔ ምን ያደርግልኛል?" አለች። ጥቁር ሻሿን ከራሷ ፈታችና የከማሉ መሥሪያ ጠረጴዛ ላይ ጣለችው። "የሾዋክ መኪና ሄዷል?"

"ገና እየጫነ ነው" አለ አኑዋር።

"ሄደሽ ምን ልትይው ነው?" አለ ከማሉ።

"ምንም አልለውም። መሞቴን እሱ ራሱ ይንገረኝ።"