የተሞረደው ሶል

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ተቀመጡ። ቦታ ያጣ ከጎኔ ይሸጎጥ። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ ጫማ ሰፊ ነው።

ይህ ጫማ ሰፊ በድሮ ሰፈሩ «ባቡር» ነበር የሚባለው። ጧት ወደ ሥራው የሚሄደው በእግሩ፣ ማታ የሚመለሰውም በእግሩ። በዛፎቹ ጥላ ስር ያዘግማል፤ ፀጉር አስተካካዩን ይተርባል፤ ክር ሻጯን ያስቃል፤ የጡረተኞቹን አግዳሚ ወንበር ሳይሳለም አያልፍም። ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ሲያይ «እግርህን አከራይተኸዋል እንዴ?» ይላል። ሰው ሁሉ ሰነፍ፣ እሱ ብቻ ብርቱ!

ከዚያ ሰፈሩ አርጅቶ ፈረሰና እሱና ሚስቱ ከተማው ዳር ካለ ፎቅ ላይ ቤት ደረሳቸው። የሥራ ዕቃውን መስኮቱ ስር ዘረጋ። ከመስኮቱ የሚታየው ሰፊ አስፋልት ነው፤ የእግረኛ መንገድ የለው፣ ዛፍ የለው፣ ሱቅ የለው፤ ዳር ዳሩን የቆርቆሮ አጥር ብቻ። ባቡሩም ቀጥ አለ።

እየዋለ እያደረ ሰውነቱ ከበደ፣ ውሃ ጥሙ በረታ። ሐኪሙ የደሙን ውጤት አይቶ ፊቱን አጨማደደ። «አባባ፣ ስኳርዎ ከፍ ብሏል። ክኒኑን ይውሰዱ፣ በየቀኑም ይራመዱ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ካልወረደ ግን ወደ መርፌ እንገባለን፤ በየቀኑ ነው የሚወጉት።»

ዕድሜውን ሙሉ ቆዳ ሲወጋ የኖረው ሰው፣ የራሱ ቆዳ ሲነሳ ላብ አጠመቀው።

በማግስቱ ወጣ። የጭነት መኪና ባጠገቡ ሲያልፍ ባርኔጣውን ይዞበት ሄደ። ባርኔጣውን አሳድዶ መመለሱን እንደ ስፖርት ቆጠረው። ሌላ ቀን በአጥሩ ሥር ሞከረ። አጥር፣ ከአጥሩ ቀጥሎ ሌላ አጥር። ሰላም የሚለው ሰው ቢያጣ ለቆርቆሮው እጁን ሊያነሳ ምንም አልቀረው። ከዚያ በኋላ «ልራመድ» ብሎ እየወረደ ከግቢው ጥበቃ ጎጆ ገብቶ ወሬ ሲጠርቅ ይቆይና፣ ላብ እንዲመስል ፊቱን ውሃ ነካ አድርጎ ይመለሳል።

«ተራመድክ?» ትላለች ሚስቱ ከልብስ ስፌት ሥራዋ ስትገባ።

«ይጠየቃል እንዴ? አገር አዳርሼ ነው የመጣሁት!»

«ታዲያ ጫማህ ለምን ገና ከሱቅ እንደወጣ ሆነ?»

ደነገጠ። ግን ጫማ ሰፊ አይደል? እሷ ሥራ ስትሄድ ሞረዱን አወጣና ሁለቱንም ሶል ፈገፈጋቸው። አቧራም ቀባቸው። «የእጅ ሥራ እንዲህ ነው!» ብሎ ራሱን አደነቀ። ሞኝ! ስኳሩ ያለው ደሙ ውስጥ፣ እሱ የሚያታልለው ሚስቱን።

ሚስቱ ስትመለስ ጫማውን አንስታ ገልበጥ አደረገችው። «ይሄ የማን እግር ነው?»

«የኔ ነዋ!»

«ያንተማ ቀኝ ተረከዙን በውጭ በኩል ነው የሚበላው። ይህን ሁሉ ዘመን ከኋላህ የተከተልኩት ዓይኔን ጨፍኜ መሰለህ? ይሄ እኩል ነው የተበላው።» ጣቷን በሶሉ ላይ ሳብ አድርጋ የሞረዱን ጭረት አገኘችው። «አንተ ሰውዬ! ስኳሩንም በሞረድ ልታወርደው ነው?»

ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ ሳቁ ግን አልመጣለትም። «ፈርቼ ነው፣ እቴ» አለ። «እግሬ ከዳኝ። አርጅቻለሁ መሰለኝ።»

ጫማውን እግሩ ስር አስቀመጠችለት። «አድርገውና ውረድ። አብረን እንሄዳለን።»

ወረዱ። ገና አጥሩን ከመያዛቸው አንድ መኪና አቧራ አልብሷቸው አለፈ። ክንዱን ጨምድዳ ያዘችው። «ተመለስ፣ ተመለስ!» አለች እያሳለች። «እዚህስ እኔም አልሄድ። እግርህን በከንቱ አማሁት።»

እሱም ያኔ ነው የነቃው። ለካ ያን ሁሉ ዓመት ሲኮራበት የነበረው ጉልበት የዛፎቹ፣ የፀጉር አስተካካዩና የዚያ አግዳሚ ወንበር ኖሯል! ታክሲ ጠባቂዎቹን የተረበው ትዝ ብሎት ጆሮው ጋለ።

ጥበቃው ሰምቷቸው ኖሮ «ጋሼ፣ በጓሮ በኩል እኮ መንገድ አለ» አለ። «ዛፍ አለው፣ ዳቦ ቤት አለው፣ ሰውም አለው። የጓሮውን በር ግን የነዋሪዎቹ ኮሚቴ ሌባ ይገባል ብሎ ቆልፎታል።»

«ታዲያ እስከዛሬ ምነው ዝም አልከኝ?»

«ወሬዎ ይጥመኛላ! ከሄዱብኝስ?»

የነዋሪዎቹ ስብሰባ ሲደርስ ሚስቱ በክርኗ ጎሸመችው። ተነሳ። ስለ እግር ጉዞ ጥቅም ሊናገር አስቦ ነበር፤ ያን ተወና ጫማውን አውልቆ ከፍ አደረገው። «ይሄን ሶል የበላው መንገድ አይደለም፤ እኔ ነኝ፣ በሞረድ» አለና ጉዱን ሳይደብቅ ዘረገፈው፤ የጓሮው በር እንዲከፈትም ጠየቀ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንዲት እናት እንባቸውን እየጠረጉ «እኔስ በሊፍቱ ላይ ታች እያልኩ ተንሸራሸርኩ ስል አይደል የከረምኩት!» አሉ። ሌላውም የራሱን አወጣ። ሰብሳቢው ስቆ ስቆ ሲደክመው «በሉ፣ ቀን ቀን ይከፈት፤ ጥበቃው ይቀመጥበት» አለ።

ተከፈተ። ጫማ ሰፊው አሁን ዳቦ ሊገዛ ይወጣል፤ ዳቦ ቤቱ ቅርብ ነው፣ ጨዋታው ግን ያርቀዋል። አንዳንዴ ዳቦውን ረስቶ ይመጣል። ሚስቱ ተቆጥታ መልሳ ትልከዋለች፤ እሷም የልቧ ደርሶ!

በቀጠሮው ቀን ሐኪሙ ውጤቱን ደጋግሞ አየው። «ገና ይቀረዋል፤ ግን ወርዷል። መርፌው ይቆየን። እንዴት ቢበረቱ ነው?»

«እኔ አልበረታሁም፣ ዶክተር» አለ። «በር ተከፈተልኝ እንጂ።»

እናንተም ልጆቼ፣ ቤቱን ዘግቶ የተቀመጠ ሰው ስታዩ፣ «ሰነፍ» ከማለታችሁ በፊት ወጣ ብላችሁ ደጁን እዩለት። ይህችን ብቻ አትርሱብኝ፣ አደራ።