የተላገው ተራራ

ዶዘር ነጂ ሴት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ ሊሾን ማየት ነበረባችሁ። ስሙን ያወጡላት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው፤ እሷ የደለደለችው መሬት እንደ ሊሾ ወለል ልስልስ ስለሚል። "ጫማችሁን አውልቃችሁ እለፉ!" እያሉ ያሾፉባታል፤ እሷ ደግሞ ደስ ይላታል።

አሁን የያዘችው ሥራ ግን ከሥራም ሥራ ነው። የማዕድን ማውጫው ባለቤቶች የሚፈልጉትን ዝቀው ከሄዱ ቆይተዋል፤ ጥለውት የሄዱት የዝቃጭ ተራራ ብቻ ነው። ዝናብ በመጣ ቁጥር ዝገት የመሰለ ውሃ ከዚያ እየወረደ ታች ሰፈር ይገባል። የሰፈሩ የመጀመሪያ ቤት ደግሞ የሊሾ እናት ቤት ነው። የሥራው መሐንዲስ እቅጩን ተናግሯል። ክምሩ አፈር ለብሶ፣ ሣር ይዞ ዋናውን ዝናብ ከቻለ እሰየው፤ ካልቻለ ታች ያለው ሰው ሁሉ ከቤቱ ይነሳል።

"እኔ ወይ ፍንክች!" አሉ እናትየው። አፋቸው እንዲህ ይበል እንጂ ሆዳቸው ፈርቷል። ልጃቸውም ይህን ታውቃለች።

ሊሾ ክምሩን በሸክላ አፈር ሸፈነች፤ በላዩም ለም አፈር አለበሰችው። መሐንዲሱ "በቃ፣ እንደሻከረ ተይው፤ ዘሩ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል" ብሏት ሄደ። እሷ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ! ጎርበጥባጣ መሬት ስታይ እጇን ይበላታል፣ ምን ታድርግ? "እናቴ እያየችው እንዲህ አልተወውም" አለችና ተመልሳ ሙልጭ አድርጋ ላገችው። በማግስቱ ሠራተኞቹ የሣሩን ዘር በተኑበት። ወዲያው ደግሞ ድንገተኛ ዶፍ ወረደ።

ሳምንታት አለፉ፤ ክምሩ ላይ አንዲት ቅጠል እንኳ የለም። መሐንዲሱ ጎንበስ ብሎ መሬቱን ቢዳብስ፣ ቢጭር፣ ምንም።

"ዘሩን ወፍ ለቀመው እንዴ?" አለ።

ይሄኔ የሊሾ ስልክ ጮኸ፤ እናቷ ናቸው።

"አንቺ ልጅ፣ ምን ጉድ ነው የላክሽብኝ? ደጄ ጫካ ሆኗል እኮ! ከቤት ለመውጣት ማጭድ ልበደር ነው?"

ሊሾ ቁልቁል ተመለከተችና ክው አለች። የተራራው ሣር በሙሉ ሰፈሩ ውስጥ በቅሏል። ደጃፉ፣ የቦዩ ዳር፣ የልብስ ማስጫው ሥር፣ ሁሉም አረንጓዴ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

"እኔ ነኝ" አለችው መሐንዲሱን። "አላስችል ብሎኝ ተመልሼ ላግኩት። ዘሩ ተንሸራቶ ወርዷል።"

መሐንዲሱ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ታች ያለውን ልምላሜ ሲያይ ግን ሳቁ አመለጠው። ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሲበቃው "ሌላ ዘር እስኪመጣ ዝናቡ ይቀድመናል" አለ። ይሄኛው እንኳን አያስቅም።

እናትየው ለካ ስልኩን አልዘጉም። "ታዲያ እዚህ ያለውስ ሣር አይደለም?" ብለው ጮኹ። "ከነሥሩ ነቅለን እናመጣላችኋለን!"

የሰፈሩ ሰው አካፋውንና ሳፋውን ይዞ ወጣ። ሊሾ ደግሞ በሕይወቷ ሠርታው የማታውቀውን ሥራ ሠራች፤ የዶዘሩ ሰንሰለት መሬቱን እንዲነክሰው ክምሩን ሽቅብ ቁልቁል ሄደችበት። የገዛ ሥራዋን ስታበላሽ ላለማየት ፊት ፊቷን ብቻ እያየች ነዳች።

"ሊሾ፣ ዛሬስ ፈንጣጣ አስወጣሽው!" አሉ ሠራተኞቹ።

"ዝም በሉና ትከሉ!"

ሰዉ በየጭረቱ ሣሩን ተከለ፤ ውሃም እየተሸከመ አጠጣው። ከቀናት በኋላ ሣሩ ያዘ።

ዋናው ዝናብ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጣ፣ ሰማይ የተቀደደ እስኪመስል። ሁሉም ጃንጥላውን ይዞ ከእናትየው ደጅ ያለውን ቦይ ከበበ። ውሃው መጣ። ዝገት የለ፣ ጭቃ የለ፣ የቦዩ ጠጠር ከሥር ይታያል። መሐንዲሱ የውሃውን ንጽሕና በመለኪያው ለካ፤ ሽቅብ ወጥቶም ክምሩን ዞሮ አየና በስብሶ ተመለሰ።

"እማማ፣ የትም አይሄዱም" አለ።

"እስቲ ድገመው።"

"የትም አይሄዱም!"

እናትየው ልጃቸውን ከነጭቃ ቱታዋ አንገቷን አንቀው አገላብጠው ሳሟት። ሁለቱም አለቀሱ፤ ዝናቡ ስለሚወርድ ማንም አላወቀባቸውም። ከዚያ አሮጊቷ እንባቸውን ጠርገው ዘወር አሉና ቤታቸውን ከላይ እስከ ታች ገረመሙት።

"በይ፣ ዝናቡ ሲያባራ ቀለም ይዘሽልኝ ነይ" አሉ። "ለሚፈርስ ቤት ብዬ ስንት ዓመት ትቼው ግድግዳዬ ከሰል መሰለ እኮ!"

"ምን ዓይነት ቀለም እማዬ?"

"ብጫ! እዚያ ዶዘርሽ ላይ ሆነሽ የሚታይሽ!"